«ፕሮሰሰሩ ስንት ፐርሰንት ነው?» ብለህ ከርነሉን አትጠይቀው

ጥያቄው ይህ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ነው የምሠራው። ሊኑክስ የተጫነባቸው አራት ኮምፒውተሮች አሉን። እያንዳንዳቸው 4 ኮር፣ 8 ትሬድ ናቸው። ጥር ሲገባ ሥራ ያጨናንቀናል። ኤዲት ያለቀለትን ቪዲዮ የሚጨምቁትን ሥራዎች ተራ የሚያስይዝ ስክሪፕት በፓይተን ጻፍኩ። በየሰከንዱ የሲፒዩውን ፐርሰንት ያያል። ከ70 በታች ከሆነ አዲስ ሥራ ይለቃል፣ ከ70 በላይ ከሆነ ይይዛል። ግን አንዳንዴ አምስት ስድስት ሥራ ባንዴ ይለቅና ማሽኑ ስታክ ያደርጋል። ማታ ደግሞ አንድም ሳይለቅ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ማታ ናይስ 19 ላይ፣ ማለትም በመጨረሻው ዝቅተኛ ቅድሚያ፣ የሚሄድ ባክአፕ አለን፤ ዝቅተኛ ስለሆነ አይነካኝም ብዬ ትቼዋለሁ። ጓደኛዬ ‹የስኬጁለሩን መረጃ ከከርነሉ ውስጥ የሚያወጣ ሞጁል ካልጻፍክ አይሆንም› አለኝ። እውነቱን ነው? ከየት ልጀምር?»

አብሽር። ሞጁል፣ ማለትም ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ኮድ፣ አያስፈልግህም። ጓደኛህ ለክፉ አላለህም፤ ግን አንተ የምትፈልገውን ነገር ከርነሉ በራሱ ማውጣት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። መረጃ አልጎደለህም። የያዝከው ቁጥር የጠየቅከውን ጥያቄ አይመልስም፣ ችግሩ እሱ ነው። «ሲፒዩው ምን ያህል ተይዟል?» አንድ ጥያቄ ነው። «አንድ ሥራ ብጨምር ያሉት ይጎዳሉ ወይ?» ሌላ ጥያቄ ነው። አንተ የያዝከው የመጀመሪያውን መልስ ነው፤ የሚያስፈልግህ ግን የሁለተኛው።

የፋይሎቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ስትተይባቸው ወደ ላቲን መልሳቸው።

መናኸሪያ ሄደህ ተራ አስከባሪውን እየው። ሹፌር አይደለም፤ መሪ አይጨብጥም፣ ማርሽ አይቀይርም። ሥራው ቀጣዩ ማን እንደሚገባ መወሰን ነው። የአንተም ስክሪፕት እንደዚያ ነው። ከርነሉ ውስጥ ያለው ስኬጁለር በየጥቂት ሚሊሰከንዱ የትኛው ትሬድ (የአንድ ፕሮግራም የሥራ ክር) በየትኛው ኮር ላይ ይሂድ እያለ ይወስናል። አንተ የምትወስነው በርቀት ነው፤ ይህ ሥራ አሁን ይግባ ወይስ ይቆይ። ጓደኛህ ሁለቱን ስላቀላቀላቸው ነው የሹፌሩን ዳሽቦርድ አምጣ ያለህ።

ለተራ አስከባሪ «ሚኒባሶቹ ሞልተዋል?» የሚለው ብዙም አይጠቅመውም። ሁሉም ሞልተው መሬት ላይ የቆመ ሰው ከሌለ ጥሩ ቀን ነው። ሁሉም ሞልተው አርባ ሰው ቆሞ ከሆነ መጥፎ ቀን ነው። ፐርሰንቱ ሁለቱንም 100 ብሎ ያልፋቸዋል። ቪዲዮ የሚጨምቅ ማሽን ደግሞ 100 ላይ መሆን አለበት፤ የገዛችሁት ለዚሁ ነው። 70 ላይ ስትገድበው ከከፈላችሁበት ማሽን 30 ፐርሰንቱን ባዶውን እያስቀመጥከው ነው።

ፐርሰንቱ ከየት ይመጣል

«/ፕሮክ/ስታት» የሚባል ፋይል አለ። የመጀመሪያው መስመር «ሲፒዩ» ብሎ ይጀምርና አሥር ቁጥሮች ይደረድራል። ዩዘር፣ ናይስ፣ ሲስተም፣ አይድል (ሥራ ፈት የሆነበት)፣ አይኦዌይት (ሥራ ፈቶ ዲስክ የጠበቀበት)፣ ለኢንተራፕት የሄደው ሁለት ዓይነት ጊዜ፣ ስቲል፣ ከዚያ ለቨርቹዋል ማሽኖች የሄዱ ሁለት። ሁሉም ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ እየተጠራቀሙ የመጡ ጊዜያት ናቸው። መለኪያቸው አብዛኛውን ጊዜ የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው።

እዚህ ላይ ፐርሰንት የሚባል ነገር የለም። ከርነሉ እዚህ ፐርሰንት አይሰጥም። ፐርሰንቱን የሚሠራው የአንተ ላይብረሪ ነው። አንዴ ያነባል፣ ቆይቶ ደግሞ ያነባል፣ ይቀንሳል፣ ያካፍላል። ስለዚህ ማንኛውም ፐርሰንት በሁለት ንባቦች መካከል ያለፈ ጊዜ አማካይ ነው። ስለ አሁን የሚለው ነገር የለም።

ከዚህ አንድ ወጥመድ ይወለዳል፤ ስንቱን ሲጥል አይቻለሁ። ፒኤስዩቲል የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ነው የምትጠቀመው ብዬ እገምታለሁ። የመለኪያ ጊዜ ሳትሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠራው 0.0 ይመልሳል። የሚያወዳድርበት የቀደመ ንባብ ስለሌለው ነው። ስክሪፕትህ ሳያቋርጥ የሚዞር ከሆነ ይህ አንዴ ብቻ ነው የሚጎዳህ። ግን በክሮን (በተወሰነ ሰዓት ፕሮግራም በሚያስነሳው) እየተነሳ አንዴ አይቶ የሚዘጋ ከሆነ ዕድሜ ልኩን ዜሮ ነው የሚያየው። እሱን መጀመሪያ ፈትሽ።

አምስት ስድስት ባንዴ የሚለቀቁት ግን ስክሪፕትህ በትክክል ቢዞርም ነው። እንዲህ ነው የሚሆነው። ሥራ ትለቃለህ። ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ይነሳል፣ ከውጭ ሃርድ ዲስኩ ላይ ፋይሉን ይከፍታል፣ የፋይሉን መረጃ ያነባል። ይህ ጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሲፒዩው ገና ባዶ ነው። አንተ ከአንድ ሰከንድ በኋላ መጥተህ «20 ፐርሰንት ነው፣ ልቀቅ» ትላለህ። ከዚያ ደግሞ። ከዚያ ደግሞ። በአምስተኛው ሰከንድ የመጀመሪያው ሥራ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፣ ቀጥሎ ሁሉም ይከተላሉ። የለቀቅከው ሥራ ውጤቱ ሳይታይ ሌላ ውሳኔ ስለወሰንክ ነው። ከርነሉ በማይክሮሰከንድ መረጃ ቢያቀብልህም ይህ አይድንም። መዘግየቱ ያለው ሥራው ውስጥ ነውና።

ሁለተኛው ችግር ናይስ የሚባለው ዓምድ ነው። ባክአፕህ ናይስ 19 ላይ ነው ብለሃል። ናይስ 0 ያለው ሥራ በስኬጁለሩ ዘንድ 1024 ክብደት አለው፤ ናይስ 19 ያለው 15 ብቻ። እና ባክአፑ ሲፒዩውን ሙሉ ቢይዘውም ቪዲዮህ ሲመጣ ቦታውን ይለቅለታል። ላይብረሪህ ግን አይድልና አይኦዌይት ያልሆነውን ሁሉ ተይዟል ብሎ ነው የሚደምረው። ማታ ባክአፑ ስምንቱንም ትሬድ ይሞላል። ስክሪፕትህ 100 አይቶ ቁጭ ይላል። ማሽኑ በእርግጥ ለአንተ ክፍት ነበር።

ሦስተኛው የሐረጎ አቀበት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ሚኒባስ አስበው። 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ተነስቶ 2,500 አካባቢ ላይ ሊደርስ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦታል፣ መኪናው ግን ይንፏቀቃል። ስትወርድ ደግሞ ነዳጁን ሳትነካው ይበራል። ነዳጁ ምን ያህል እንደተረገጠ ማወቅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድክ አይነግርህም። ሲፒዩም ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። 800 ሜጋኸርትዝ ላይ 100 ፐርሰንት መያዝና 4 ጊጋኸርትዝ ላይ 100 ፐርሰንት መያዝ በ«/ፕሮክ/ስታት» አንድ ናቸው። በሥራ ግን አምስት እጥፍ ይለያያሉ። በዚህ ላይ 8 ትሬድህ 8 ኮር አይደለም። 4 ኮር ነው፣ እያንዳንዱን ሁለት ትሬዶች ይጋሩታል። 50 ፐርሰንት ስትደርስ ግማሽ አቅም ቀረኝ ትላለህ። ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያውን ያህል አይሰጥህም።

(ይህን የሚያነብ ሰርቨር ተከራይ ካለ፦ «ስቲል» የሚለውን ዓምድ እይ። ሲፒዩ ፈልገህ አከራይህ ለሌላ ደንበኛ የሰጠበት ጊዜ ነው። ያ ቁጥር ከፍ ካለ የአንተን ስክሪፕት ማሳመር ዋጋ የለውም።)

ሎድ አቬሬጅስ?

ቀጥሎ የሚመጣልህ ሐሳብ ይህ፣ ማለትም እየሠሩ ወይም እየጠበቁ ያሉ ሥራዎች አማካይ ቁጥር፣ እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔም ሄጄበታለሁ፤ ዋጋም ከፍያለሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እጠብቅ ነበር። ሎዱ ከ8 ሲያልፍ ስልኬ ላይ መልእክት እንዲመጣ አድርጌአለሁ። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሎድ 43። ተነስቼ በርቀት ልገባ ስል ሰርቨሩ እሺ አይልም። ደሴ ነኝ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። በስንት ልመና ኮንትራት መኪና አግኝቼ ሐረጎን በጭጋግ ወረድኩ። ሹፌሩ መንገድ ሳይሆን የመስመር ቀለም እየፈለገ ነበር የሚነዳው። ደርሼ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሲፒዩው 97 ፐርሰንት ሥራ ፈት ነው! አንድ ሰው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ብሎ የጋራ ፋይል ማስቀመጫውን ሶኬት ነቅሎታል። ፋይል ሊያነቡ የሞከሩ ፕሮሰሶች ሁሉ መልስ እየጠበቁ ተገትረዋል።

ሊኑክስ ሎድ ሲቆጥር ሲፒዩ የሚፈልጉትን ብቻ አይቆጥርም። ዲስክ ወይም ኔትዎርክ እየጠበቁ መቀስቀስ በማይቻልበት እንቅልፍ ውስጥ ያሉትንም ይደምራል። ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት)። የእኔ 43 ሲፒዩን ጨርሶ አይመለከትም ነበር።

ከዚያም ሎድ ቀርፋፋ ነው። ከርነሉ በየአምስት ሰከንዱ አንዴ ቆጥሮ ከቀድሞው ጋር እያለዘበ ያዋህደዋል። ባዶ ማሽን ላይ ስምንት ትሬዶች ባንዴ ቢነሱ ከአምስት ሰከንድ በኋላ የአንድ ደቂቃው ሎድ 0.64 ገደማ ነው የሚያሳይህ። ከሙሉ አንድ ደቂቃ በኋላ እንኳ ገና 5 አካባቢ ነው። በዚህ ቁጥር በር ብትጠብቅ ያ የአምስት ስድስት ሥራህ ጣጣ ይብስብሃል።

የምትፈልገው ቁጥር

«/ፕሮክ/ፕሬዠር/ሲፒዩ» የሚለውን ክፈት። እንዲህ ያለ መስመር ታያለህ፦

ሰም ኤቪጂ10=12.40 ኤቪጂ60=7.15 ኤቪጂ300=2.03 ቶታል=88120345

(«ሰም» የእንግሊዝኛው ነው፤ ወርቁን አትፈልግ።) ይህ ፒኤስአይ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ «ግፊት» የምለው ይህን ቁጥር ነው። በ2018 መጨረሻ ከሊኑክስ 4.20 ጋር ገባ። ዋናው ጸሐፊው በወቅቱ ፌስቡክ ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ቫይነር ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሜሞሪ ሲጠበው የትኛውን አፕ ልዝጋ ብሎ የሚወስነው አካል የሚያየው የዚሁኑ የሜሞሪ ወንድም ነው።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ኤቪጂ10 12.40 ነው ማለት፣ ባለፉት አሥር ሰከንዶች ውስጥ 12.4 ፐርሰንቱን ጊዜ ቢያንስ አንድ ትሬድ ሊሠራ ተዘጋጅቶ ሲፒዩ አጥቶ ቆሟል ማለት ነው። መናኸሪያው ውስጥ መሬት ላይ የቆመው ሰው ይህ ነው። ሲፒዩው 100 ሆኖ ይህ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማንም አልተጎዳም። «ቶታል» ደግሞ ጥሬው ነው፤ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ በመጠበቅ የባከነው ማይክሮሰከንድ። አማካዮቹ በየሁለት ሰከንዱ ስለሚታደሱ እነሱም ትንሽ ይዘገያሉ። እኔ ብሆን ቶታልን ሁለቴ አንብቤ እቀንስ ነበር።

ከጎኑ «አይኦ» (የዲስክ ንባብና ጽሕፈት) እና «ሜሞሪ» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። የአይኦውን አትርሳ። የሠርግ ቪዲዮ ከአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነው የምታነበው። የሚሽከረከር ዲስክ ላይ አምስት ሥራ ባንዴ ሲያነብ የዲስኩ ጭንቅላት ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሲንከራተት ይውላል። ማሽኑ ስታክ ያደረገው በሲፒዩ ሳይሆን በዚህ ቢሆን አይገርመኝም። አይኦው 40 እያለ ሲፒዩው 3 ከሆነ ችግርህ ዲስክ ነው። ያኔ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ኤስኤስዲ ገልብጠህ ሥራ።

አሁን ወደ ባክአፑ እንመለስ፤ ፒኤስአይም ብቻውን ያሳስትሃል። ባክአፑ ስምንት ትሬድ ይዞ ብቻውን ሲሄድ የሚጠብቅ የለም፣ ግፊቱ ዜሮ አካባቢ ነው። ጥሩ፣ ቪዲዮ ትለቃለህ። ቪዲዮው ባክአፑን ገፍቶ ይቀመጣል። አሁን ባክአፑ ይጠብቃል። የማሽኑ አጠቃላይ ግፊት ያሻቅባል። ስክሪፕትህ «ሰው ቆሟል» ብሎ በሩን ይዘጋል። የቆመው ግን መቆም ያለበት ነው!

ስለዚህ የማሽኑን ሳይሆን የቡድኑን ግፊት አንብብ። ሲግሩፕ፣ ማለትም ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን የሚያስተዳድርበት አሠራር፣ ሁለተኛው እትሙ ላይ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ «ሲፒዩ.ፕሬዠር» ፋይል አለው። ቪዲዮዎቹን «ሲስተምዲ-ረን» በሚባለው ትእዛዝ በአንድ ስላይስ (እንዲህ ባለ ቡድን) ውስጥ አስነሳ፤ «ሠርግ» ብለህ ሰይመው ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን በላቲን ጻፈው። ባክአፑን በሌላ ስላይስ አድርግ። ከዚያ «/ሲስ/ኤፍኤስ/ሲግሩፕ» ስር የሠርጉን ስላይስ ፋይል ብቻ አንብብ። የባክአፑ ጥበቃ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ናይስ 19 ላይም አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ናይስ የሚያወዳድረው በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉትን ነው። ባክአፑ በአንድ ቡድን፣ ቪዲዮው በሌላ ቡድን ከሆኑ ስኬጁለሩ መጀመሪያ ለቡድኖቹ ያካፍላል። እኩል ክብደት ካላቸው እኩል! ናይስ 19 የሚሠራው እያንዳንዱ ቡድን ከድርሻው ውስጥ ሲያከፋፍል ብቻ ነው። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ኦቶግሩፕ የሚባል ነገር ሳትጠይቀው ይህንኑ በየተርሚናል ክፍለ ጊዜው ይሠራል፤ ከ2011 ጀምሮ አለ። «ናይስ አድርጌው ማሽኔን ገደለኝ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ይህ ነው። መድኃኒቱ ለቡድኑ ክብደት መስጠት ነው። ነባሪው «ሲፒዩዌይት» 100 ነው። የባክአፑን 10 አድርገው። ሁለቱ ሲሻሙ ከ110 አሥሩ ብቻ ይደርሰዋል፤ 9 ፐርሰንት ገደማ። የሚሻማ ከሌለ ሙሉውን ይጠቀማል። ምንም አልባከነም።

ሞጁሉን ለምን እንዳትጽፍ

ከርነሉ ውስጥ ከአንተ ቁጥሮች የተሻለ ቁጥር መኖሩ እውነት ነው። ለእያንዳንዱ ትሬድና ለእያንዳንዱ ኮር ጭነቱን ይከታተላል። ከ32 ሚሊሰከንድ በፊት የሆነው ግማሽ ክብደት ብቻ አለው፤ ከ64 በፊት የሆነው ሩብ። ሚዛኑ እስከ 1024 ነው። ማሽኑ ከደገፈው በፍሪኩዌንሲም ይታረማል፤ የሐረጎው ችግር እዚያ ውስጥ ተፈትቷል ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊኑክስ 3.8 ላይ አለ። ሥራን ከኮር ወደ ኮር ሲያዛውር፣ ፍሪኩዌንሲ ሲመርጥ ይጠቀምበታል። ጓደኛህ ይህን አይቶ ይሆናል የጎመጀው።

ግን አምጥተኸው ምን ታደርገዋለህ? ቁጥሩ የሚለወጠው በሚሊሰከንድ ነው። ፓይተንህ የሚነቃው በሰከንድ ነው። እጅህ ሲገባ አርጅቷል። ለሹፌሩ የተሠራ ነው፤ መሪው እጁ ላይ ላለ።

የከርነል ሰዎችም ይህን እንደ ቋሚ ፋይል ላለማውጣት የሚጠነቀቁት በስስት አይደለም። ሊኑክስ ውስጥ አንድ የጠነከረ ሕግ አለ፤ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች አንዴ የተሰጠ ነገር አይሰበርም። ዛሬ የውስጡን ቁጥር በ«/ፕሮክ» ላይ ቢያወጡት ነገ ስኬጁለሩን ለመቀየር ሲፈልጉ እጃቸው ይታሰራል። በእርግጥም ቀይረውታል። ከ2007 ጀምሮ የነበረው ሲኤፍኤስ የሚባለው ስኬጁለር በ2023 በሊኑክስ 6.6 ኢኢቪዲኤፍ ለሚባለው ቦታውን ለቀቀ። ሲወጣ የውስጥ ስሌቱ ተለወጠ፤ የአንተ «/ፕሮክ/ስታት» ግን አንድ ፊደል አልተነካበትም። ፒኤስአይም የተሳካው ስለዚህ ነው። የጠፋውን ጊዜ ነው የሚናገረው። ስኬጁለሩ እንዴት እንደሚያስብ የሚገልጠው ነገር የለም።

ሞጁል ግን ይህ ሕግ አይጠብቀውም። የከርነሉ የውስጥ ፋንክሽኖች በየእትሙ ይለዋወጣሉ። እኔም በወጣትነቴ አንድ ጽፌ ነበር። ያልተከፈቱ የስኬጁለር ስሞችን በጓሮ በር የሚፈልግ ፋንክሽን ተጠቅሜ። በ2020 ሊኑክስ 5.7 ያንን የጓሮ በር ለሞጁሎች ዘጋው። ማሻሻያ ጫንኩ፣ ሞጁሌ አልነሳም አለ፣ በቃ። እኔ የተውኩት በዚያው ነው። አንተ ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለብህ። ፓይተን ሲሳሳት ስክሪፕቱ ነው የሚሞተው። ሞጁል ሲሳሳት ማሽኑ ነው የሚሞተው። ጥር ላይ፣ ሙሽራዋ ነገ ቪዲዮዬን ስትል፣ ይህን አትፈልግም።

እውነት የራስህን ስኬጁለር መጻፍ ካማረህ ዛሬ መንገዱ ሌላ ነው። ከ2024 የሊኑክስ 6.12 ጀምሮ ስኬድ-ኤክስት የሚባል አለ። በቢፒኤፍ (ከርነሉ ውስጥ ተፈትሾ በሚሄድ የኮድ ዓይነት) የጻፍከውን ስኬጁለር ከርነሉ ፈትሾ ይጭነዋል። ከተበላሸ አውጥቶ ይጥለውና ወደ መደበኛው ይመለሳል። ለመማር ግሩም ነው። ለቪዲዮ ቤት ግን አያስፈልግም።

እኔ ብሆን

ዛሬውኑ ሌላው ሁሉ ሳይነካ ፐርሰንቱን አውጥቼ አንድ ቋሚ ቁጥር አስገባ ነበር። በአንድ ማሽን ከሁለት ሥራ በላይ አይሂድ። ብልጠት የለውም፣ አውቃለሁ። ግን አብዛኛውን ጣጣህን ዛሬ ማታ ያቆመዋል። ኤፍኤፍኤምፔግ ብቻውንም ሁሉንም ትሬድ ለመያዝ ይሞክራል። በተለመደው የቪዲዮ መጭመቂያ በኤክስ264 የምትሠራ ከሆነ፣ ካልገደብከው ከትሬዶችህ ቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ ያስነሳል። 8 ላይ 12 ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ብቻውን ሲሄድ እንኳ የሲፒዩ ግፊት ዜሮ ላይሆን ይችላል። እርስ በርሱ ነው የሚጠባበቀው። ይህን ካላወቅክ ፒኤስአይን አይተህ ትደነግጣለህ። የትሬድ ቁጥሩን በ4 ብትገድበው ሁለት ሥራ ማሽኑን በልኩ ይሞላዋል።

ከዚያ በላይ መሄድ ከፈለግክ ገደቡን ከእኔ አትውሰድ፤ ለካው። አንድ ሥራ ለቅቀህ የሠርጉን ስላይስ የሲፒዩና የአይኦ ግፊት ጻፍ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ጻፍ። ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ለቅቀህ ድገም። ሦስት ሥራ ጎን ለጎን ሲሄድ የሁሉም ማለቂያ ሁለት ሁለት ከመሄድ ካላጠረ፣ የሁለቱ ግፊት ላይ አቁም። መክፈቻውና መዝጊያው አንድ ቁጥር አይሁን። ለምሳሌ ከ10 በታች ሲሆን ክፈት፣ ከ25 በላይ ሲሆን ዝጋ፣ በመካከል ያለህበት ቆይ። ያለዚያ በሩ እንደ ንፋስ መስኮት ሲገጭ ይውላል። እና ሥራ በለቀቅክ ቁጥር ቢያንስ 30 ሰከንድ ምንም አትወስን። ያ የመጀመሪያው ስህተትህ ፈውስ ነው።

በየሰከንዱ ማንበቡንም ልትተወው ትችላለህ። የፕሬዠር ፋይሉን ለመጻፍ ከፍተህ «ሰም 150000 1000000» ብትጽፍበት፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 150 ሚሊሰከንድ ጥበቃ ሲሞላ ከርነሉ ራሱ ይቀሰቅስሃል። «ፖል» በሚባለው ጥሪ ላይ ተኝተህ ትጠብቃለህ። መስኮቱ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አሥር ሰከንድ ይሆናል። ሩት (ዋናው የማሽኑ አስተዳዳሪ) ሆነህ ሞክረው።

አንድ የተወሰነ ሥራ ለምን እንደዘገየ ማወቅ ስትፈልግ ደግሞ «/ፕሮክ» ስር ባለው የፕሮሰስ ቁጥሩ ውስጥ «ስኬድስታት» አለ። ሦስት ቁጥር ነው። በናኖሰከንድ፣ ሲፒዩ ላይ የቆየበት፣ ተራ የጠበቀበት፣ ስንት ጊዜ ተራ እንደደረሰው። ግን እሱ ዋናውን ትሬድ ብቻ ነው የሚናገረው። ኤፍኤፍኤምፔግ ላይ ዋናው ትሬድ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። «ታስክ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብተህ የየትሬዱን ደምር።

አራቱን ማሽኖች በተመለከተ፣ አንዱ ማዕከል ሆኖ የሌሎቹን ቁጥር እየሰበሰበ «ባዶው የቱ ነው» አይበል። ቁጥሩ በኔትዎርክ ደርሶ እስኪነበብ ያረጃል፤ ሁሉም ሥራ ወደ አንዱ ይጎርፋል። ተራው በአንድ ቦታ ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ግፊት አይቶ ሲችል ራሱ ይውሰድ። መብራት ሄዶ አንዱ ቢጠፋ እንኳ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ያልጨረሰውን ሥራ ወደ ተራው የሚመልስ ሰዓት ብቻ ጨምርበት።

ከመጀመርህ በፊት የከርነልህን እትም እይ። ከ4.20 በታች ከሆነ ፒኤስአይ የለም፤ አሻሽል። እትሙ አዲስ ሆኖ «/ፕሮክ/ፕሬዠር» ፎልደሩ ከጠፋ ደግሞ አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ዘግተውት ስለሚመጡ ነው፤ ማስነሻው ላይ «ፒኤስአይ=1» ጨምረህ እንደገና አስነሳው። የሦስቱን ልኬት ቁጥሮች ስታገኝ አምጣቸው፤ ገደቡን አብረን እናያለን።